ሳይታይ የተነገረ መርዶ

በንፋስ ስልክ ሰፈር አቶ ላቀውን የማያውቅ ሰው ቢኖር፣ ዘመድ ሞቶበት የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። የሰፈሩ መርዶ ነጋሪ እሳቸው ነበሩ። የአንድ ሰው ወገን ሩቅ አገር ሞቶ ሳይሰማ ሲቀር፣ የእድሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው «ማን ይንገረው?» ይባባሉና ዓይናቸው ዞሮ ዞሮ አቶ ላቀው ላይ ያርፋል። እሳቸውም ማልደው ይነሳሉ፤ ጋቢያቸውን ይደርባሉ፤ ሁለት ሦስት ሰው አስከትለው ይሄዳሉ። አንደበታቸው ለስላሳ ነው። ሰው ራሱን ሳይጥል፣ ደረቱን ሳይጎዳ፣ ቀስ ብሎ ወደ ለቅሶው እንዲገባ ማድረግ ያውቁበታል፤ ይኮሩበታልም። ክፋቱ፣ ጎህ ሲቀድ በደጁ ሲያልፉ ያያቸው ሰው ሁሉ፣ እሳቸው ማዶ እስኪሻገሩ ድረስ ትንፋሹን ይዞ ይቆያል።

በ1991 ዓ.ም. መስከረም ላይ አንድ ማለዳ ይህንኑ ሥራቸውን ፈጽመው ሲመለሱ ዝናብ ያዛቸው። ክረምቱ ወጣ ከተባለ በኋላ የረሳው ዕቃ እንዳለ ሰው ተመልሶ የመጣ ዝናብ ነበር። ከዋናው መንገድ ዳር ካለች ሱቅ ታዛ ሥር ሲጠጉ አንድ ወጣት ቀድሟቸው ቆሞ ታክሲ ሲጠብቅ አገኙት። የጎረቤታቸው ልጅ ሚሳኤል ነው። የራጅ ሙያ ተምሮ፣ መሀል ከተማ አዲስ በተከፈተ አንድ የምርመራ ማዕከል ተቀጥሯል። ልጁ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳቸው፤ እሳቸውም የእናቱን ጤና፣ የሥራውን ሁኔታ፣ የመንገዱን ጭቃ ሳይቀር ጠየቁት። ሰላምታው ሲያልቅ ሚሳኤል ትንሽ አመነታና፣

«ጋሼ ላቀው፣ ድፍረት አይሁንብኝና፣ ገላኔን ለምርመራው ወደ እኛ ለምንድን ነው የማታመጧት?» አላቸው።

ገላኔ የአቶ ላቀው አንድ ልጅ የማሞ ሚስት ናት። ለቡ ከሚኖሩት ገበሬ ከአቶ ቀጄላ ቤት ተድራ ከመጣች ወዲህ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው አቶ ላቀው ቤታቸው እንደገና ቤት ሆኖላቸዋል። ትቀልድባቸዋለች፤ ጋቢያቸውን ታጥባለች፤ ሲያኮርፉም «መርዶ ነጋሪው ዛሬ ለራሱ ነገረ» እያለች ታስቃቸዋለች። እንዲህ ያለችው ልጅ ከዓመት በላይ ሆዷን አሟት ከስታለች። ከእምብርቷ በታች በቀኝ በኩል ይወጋታል፤ ያስቀምጣታል፤ ማታ ማታ ያተኩሳታል፤ ቀሚሷ ከትከሻዋ እየሾለከ ይወርዳል።

በአዲስ አበባ ሆድ ከታመመ አሜባ ነው፤ አሜባ ካልሆነ ጃርዲያ ነው። ሐኪሙም ፋርማሲውም ጎረቤቱም የሚያውቀው ይህንኑ ነው። ገላኔም የአሜባውን ክኒን ደጋግማ ዋጠች፤ የጃርዲያውንም ዋጠች፤ ከዚያ ደግሞ ፌጦ በሎሚ እየተበጠበጠላት በባዶ ሆዷ ጠጣች። የቆሰለ አንጀት ላይ ፌጦ ምን እንደሚያደርግ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። በመጨረሻ ሐምሌ ላይ አንድ ሐኪም ሆዷን በእጁ ሲዳስስ እብጠት አገኘና ሲቲ ስካን እንድትነሳ አዘዘ። ማሞ ይህን ሰምቶ ፊቱ ጠቁሮ ወደ ቤት ገባ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የምርመራው ነገር አልተነሳም።

አቶ ላቀው ታዛው ሥር ሌላ ሰው ያለ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ወደ ማሽን ወስደን ምን እናገኛለን? የሆነችውን እኛ እናውቃለን።»

«ምንድን ነው የሆነችው?»

«ያ ክፉው በሽታ ነው። ስሙን አታስጠራኝ።»

«ማን ነገራችሁ?»

«ማንም አልነገረኝም። ማሞ ከሐኪም ቤት ሲገባ ፊቱን አየሁት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ፊት ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ገና በሩን ሳያልፍ ገባኝ። አንዲት ቃል እንዳትናገር፣ ለእሷም እንዳትነግራት አልኩት። እሱም እሺ አለ።»

ሚሳኤል ሐኪሙ ለማሞ ምን ብሎት እንደነበር ጠየቀ። አቶ ላቀው ግንባራቸውን አሹት። ሲያስቡት ሐኪሙ ያለው «እብጠት አለ፤ ምን እንደሆነ ይታይ» ብቻ ነው። ማሞ የጠቆረው ሐኪሙ በነገረው ሳይሆን እሱ በፈራው ነበር። አባት የልጁን ፍርሃት አይቶ እውነት ነው አለ፤ ልጁ ደግሞ አባቱ ካሉማ በቃ አለ። እንዲህ አድርገው አባትና ልጅ በአንድ ምሽት፣ ያለ ምንም ማስረጃ፣ በገላኔ ላይ ፈረዱባት። ወሬው ወደ ጎረቤት ወጣ፤ ሴቶቹ ሊጠይቋት እየመጡ አጠገቧ ሲስቁ ቆይተው ግቢ ወጥተው ያለቅሳሉ። በአገራችን ለታማሚ የማይነገረው የራሱ በሽታ ብቻ ነው፤ የቀረውን ወሬ ሁሉ ይሰማል። አቶ ላቀው ለአባቷ ለአቶ ቀጄላ እንኳ ሳይቀር «ልብዎን ያዘጋጁ» ብለው ልከዋል።

ታክሲ መጣ። ሚሳኤል በእጁ አሳለፈውና ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«ጋሼ፣ ስለ እርስዎ ሥራ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። መርዶ ለመንገር ከመሄድዎ በፊት ምን ያደርጋሉ?»

አቶ ላቀውን ጥያቄው ደስ አሰኛቸው፤ ስለ ሥራቸው የሚጠይቃቸው ሰው አግኝተው አያውቁም። መጀመሪያ አረጋግጣለሁ አሉት። አስከሬኑን በዓይኑ ያየ ወይም መቃብሩ ላይ የቆመ ሰው ሳያገኙ ከቤታቸው ንቅንቅ አይሉም። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን የአንድ ጎረቤታቸው ወታደር ልጅ «ሞቷል» ተብሎ ሽማግሌው ሁሉ ካልነገርን ብሎ ሲነሳ፣ «ያየ ሰው አምጡልኝ» ብለው እሳቸው ብቻ እምቢ አሉ። ልጁ ከወር በኋላ እግሩን እየጎተተ በእናቱ ደጅ ገባ። ይህን ሲተርኩ ደረታቸው ተነፋ።

«እንዴት ያለ ደንብ ነው» አለ ሚሳኤል። «ታዲያ ጋሼ፣ የገላኔን አንጀት በዓይኑ ያየው ማነው?»

 ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሚሳኤል በትሕትና፣ ነገር ግን ሳይምር ቀጠለ።

«ለወታደሩ ልጅ የጠየቁትን ምስክር ለእሷ አልጠየቁም። በሕይወት ያለ ሰው መርዶ ለሰፈሩ ሁሉ ነገሩ። ለዚያውም ለአባቷ።»

ሽማግሌው ተቆጡ። የሚሉት ሲያጡ የመጣ ቁጣ መሆኑን ራሳቸውም ያውቁታል። እናንተ የተማራችሁ ሁሉን ነገር በማሽን ታምናላችሁ አሉ። ራጅ አንዴ ተነስታለች፤ ምንም አልተገኘም፤ ይህስ በምን ይለያል አሉ። ሚሳኤል ተራው ራጅ አጥንቱን፣ አንጀቱን፣ አየሩን አንዱን በአንዱ ላይ ደርቦ እንደሚያሳይ አስረዳቸው። ድፎ ዳቦ በውጭ ሲያዩት ውስጡ ይብሰል አይብሰል አይታወቅም፤ ሲቲ ስካን ግን ሆድን ቢላ ሳይነካው ስስ ስስ አድርጎ የቆረጠው ያህል ገጽ በገጽ ያሳያል። የአንጀቱ ግድግዳ ወፍሮ እንደሆነ፣ መንገዱ ጠቦ እንደሆነ፣ ጎኑ መግል ተቋጥሮ እንደሆነ፣ ክፉ እጢ ካለም ወደ ጉበት ተሻግሮ እንደሆነ ይታያል።

«ጨረሩስ? ሰው ይጎዳል ይባላል።»

«እውነት ነው ጋሼ፣ ከተራው ራጅ ይበዛል። ለዚህ ነው ሐኪም ሳያዝ፣ ሴት ከሆነችም ነፍሰ ጡር አለመሆኗ ሳይጠየቅ የማናነሳው። ለጨዋታ የሚነሱት ፎቶ አይደለም። ግን ሳያውቁ መቀመጥም ይጎዳል፤ የእሱን ጉዳት በየቀኑ በቤትዎ እያዩት ነው።»

«ቢላ ከነካው አየር ይገባበትና ይሰራጫል። ማሽኑ ካየ በኋላ ሐኪሙ መቅደዱ አይቀርም።»

«ሐኪም ሳያይ ሲቀድ ነው መፍራት። በጨለማ ቤት ቁልፍ እንደሚፈልግ ሰው ሁሉን ይዳብሳል። ካየ ግን፣ መቅደድ የማያስፈልግ ከሆነ ይተወዋል፤ ካስፈለገም የት እንደሚነካ ያውቃል። እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም። የአንጀት ብግነት የሚባል በሽታ አለ፤ የሰውነት መከላከያ ራሱ አንጀቱን እንደ ጠላት ቆጥሮ ይነሳበታል፤ አንጀቱ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ይቆስላል። ትል አይደለም፣ ከሰው አይጋባም፣ የማንም ዓይን አይደለም። መድኃኒት አለው። ካልታከመ ግን አንጀቱ ሊዘጋ ወይም ሊበሳ ይችላል፤ ያኔ የፈሩት ቢላ በግድ ይመጣል።»

 የአቶ ላቀው የመጨረሻ ምሽግ አንድ ነበረች፤ እሷንም ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሱ ተናገሯት።

«ብታዩና ያው የፈራሁት ቢሆንስ?»

«ያኔም መንገር የሚያውቁበት እርስዎ ነዎት» አለ ሚሳኤል። «ያልታየ ከሚነግሩ ግን የታየ ቢነግሩ ይሻላል።»

ዝናቡ አባራ። አቶ ላቀው ጋቢያቸውን አስተካክለው «ሰኞ ይዣት እመጣለሁ» አሉ፤ ማሞንም ሆነ ማንንም አላማከሩም።

ሰኞ ዕለት ማሞ ሥራ ስለነበረው ገላኔን ይዘው የሄዱት አቶ ላቀው ራሳቸው ነበሩ። በማዕከሉ መጠበቂያ ክፍል አንጀት በሥዕሉ ላይ ጎልቶ እንዲወጣ የሚያደርግ ፈሳሽ በጆግ ተሰጣት፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀስ እያለች እየተጎነጨች መጨረስ አለባት። ሽማግሌው አጠገቧ ተቀምጠው ስለ አየሩ፣ ስለ ታክሲው፣ ስለ ሕንፃው አወሩ። ለምን እንደመጡ ግን እስካሁን አልነገሯትም፤ «ለሆድሽ የሚሆን ነገር» ብቻ ነበር ያሏት። ገላኔ ብርጭቆዋን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣

«አባባ፣ እኔ ስሞት ለአባቴ የሚነግሩት እርስዎ ነዎት?» አለቻቸው።

አቶ ላቀው ወደ እሷ ዞሩ።

«ሞት ማን አለሽ ልጄ?»

«ማንም አላለኝም፤ ያወቅኩትም ለዚህ ነው። እኔ ጋ ሲደርስ ሰው ሁሉ ወሬ ይለውጣል። እርስዎ ድሮ ሲያኮርፉም ከልብዎ ነበር፤ አሁን ስቀልድብዎት ያለ ልብዎ ይስቁልኛል። እንዳያዝኑ ብዬ ምንም እንዳልገባኝ ሆንኩ። ክረምቱን ሙሉ ብቻዬን ነው የፈራሁት።»

ሽማግሌው በሕይወታቸው ስንት ሰው አስለቅሰዋል፤ እንዲህ የሆኑበት ቀን ግን አልነበረም። ክብሯን እጠብቅላታለሁ ብለው ያደረጉት ሁሉ ልጅቷን በገዛ ቤቷ ብቻዋን እንዳስቀራት ያኔ ታያቸው። አፈሩ፤ አለቀሱም። ሰው ያየናል ብለው ፊታቸውን እንኳ አልሸፈኑም።

«አላየሁም ገላኔ» አሏት። «ሳላይ ነው የተናገርኩት። ዛሬ እናያለን። የሚታየው ምንም ይሁን ምን፣ ካንቺ በፊት የሚሰማው ሰው አይኖርም። ይኸው ቃሌ።»

እሷም ፈሳሹን አንስታ እስከ መጨረሻው ጠጣችው።

ሚሳኤል አልጋው ላይ አስተኛት፤ በክንዷም ሌላ መድኃኒት በመርፌ ሰጣት። ሰውነቷን ሙቀት ሲሰማት እንዳትደነግጥ፣ «ትንፋሽ ያዢ» ሲላት እንድትይዝ ነገራት። አቶ ላቀው ከመስተዋቱ ጀርባ ቆመው አልጋው በትልቁ ቀለበት መሀል ቀስ ብሎ ሲያልፍ አዩ። እሷ ትንፋሿን ስትይዝ እሳቸውም ያዙ። ካለቀ በኋላ ሚሳኤልን ምን አየህ ብለው ቢይዙት፣ እኔ አንሺ ነኝ፤ የሚያነበው ሐኪም ነው ብሎ ወደ ዶክተር ሀና ክፍል መራቸው። ፊቱን ሊያነቡ ሞከሩ፤ ከዚያ ግን ማሞ ትዝ ሲላቸው ዓይናቸውን መለሱ።

ዶክተር ሀና ፊልሞቹን በበራው ሰሌዳ ላይ ደርድራ ነበር። ገና አፏን ስትከፍት አቶ ላቀው «ለእሷ ይንገሯት» ብለው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሹ። ሐኪሟም ለገላኔ አሳየቻት። ጉበቷ ንጹሕ ነው። ከትልቁ አንጀት ጋር የሚገናኘው የትንሹ አንጀት መጨረሻ ግን ግድግዳው ወፍሯል፤ መንገዱ ጠቧል፤ ዙሪያውም ተቆጥቷል። ሐኪሙ በእጁ የዳሰሰው እብጠት ይኸው የራሷ አንጀት ነው። መግል አልቋጠረም፤ አልተበሳም።

«ካንሰር ነው?» አለች ገላኔ። በዚያ ቤት ለወራት ሰው ሁሉ የሸሸውን ስም አፍ አውጥታ የጠራችው እሷ ነበረች።

«አይመስልም» አለች ዶክተር ሀና። «የአንጀት ብግነት ነው የሚመስለው። ግን ሥዕል ብቻውን ሁሉን አይናገርም፤ የአንጀት ቲቢም እንዲህ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ሐኪምሽ በቀጭን ቱቦ ገብቶ ከዚህ ቦታ ትንሽ ናሙና ይወስዳል። ከየት እንደሚወስድ ሥዕሉ ነግሮናል። ሆድሽን መክፈት አያስፈልግም።»

አቶ ላቀው ወዲያው ታክሲ ይዘው ወደ ለቡ ሊበሩ ቃጣቸው። ግን አልሄዱም። ይመስላል እንጂ ነው አልተባለም፤ እሳቸው ደግሞ በይመስላል ምን እንዳደረጉ አይተዋል። የናሙናው ውጤት እስኪመጣ አፋቸውን ዘግተው ቆዩ፤ ለእንደሳቸው ያለ ሰው ይህ ቀላል ጾም አልነበረም። ጥቅምት ላይ ውጤቱ መጣ፤ ካንሰርም ቲቢም አልተገኘም፤ የአንጀት ብግነት መሆኑ ተረጋገጠ። ገላኔ መድኃኒቷን ጀመረች። ፌጦው ቀረ። ትኩሳቱ ተዋት፤ ሆዷም ምግብ መያዝ ጀመረ፤ ትንሽ ቆይቶ ማሞን ሽሮው ጨው የለውም ብላ ስትቆጣው የሰሙት ጎረቤቶች ምግብ ማጣጣም ጀመረች ብለው ተደሰቱ። ሐኪሙም በሽታው ጨርሶ የሚጠፋ ሳይሆን ሊመላለስ የሚችል መሆኑን፣ ክትትል እንዳታቋርጥ፣ ቢነሳባትም ቶሎ እንድትመጣ ለራሷ ነገራት።

የምሥራቹን ለአባቷ ራሷ በእግሯ ሄዳ ልትነግር ብላ እስክትበረታ ወደ ለቡ መልእክት አላስላከችም ነበርና፣ ኅዳር ላይ አንድ እሁድ ገላኔ አባቷን ልትጠይቅ ተነሳች። አቶ ላቀው፣ ማሞና ሁለት የእድሩ ሽማግሌዎች አጀቧት። ታክሲው ላፍቶ ላይ አወረዳቸው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ በእግር ነው። እሷ ከባሏ ጋር ቀስ እያለች ስትመጣ አቶ ላቀው መታገስ አቃታቸው። የምሥራቹን ቀድመው ካልነገሩ ሊፈነዱ ነው። ማልደው ተነስተው ነበርና ፀሐይ ገና አልወጣችም፤ ብርድ ስለነበር ጋቢያቸውን ተከናንበዋል፤ ሁለቱ ሽማግሌዎችም ከኋላቸው ኩስ ኩስ ይላሉ። ምን እንደሚመስሉ አንዳቸውም አላሰቡትም።

አቶ ቀጄላ ከበረት ወጥተው ሦስቱን ጋቢ ለባሾች በማሳቸው ዳር ሲመጡ አዩ። ከፊት ያለውንም ለዩት። ክረምቱን ሙሉ ልባቸውን ሲያዘጋጁ የከረሙ ሰው ናቸውና ጥያቄ አላስፈለጋቸውም። የያዙትን ዱላ ጥለው «ኢንተላ ኮ! ልጄ!» ብለው መሬት ላይ ተዘረጉ። ሚስታቸው ከቤት እየጮኹ ወጡ፤ ጎረቤቱ ከየማሳው ሮጠ። አቶ ላቀው «ኧረ ቆዩ፣ ደህና ናት!» እያሉ ቢጮኹ ማን ሰምቷቸው። መርዶ ነጋሪ እንዲህ ብሎ እንደሚጀምር ሁሉም ያውቃል፤ «ደህና ናት» ሲሉ ጭራሽ ለቅሶው በረታ። ሠላሳ ዓመት ያገለገላቸው ለስላሳ አንደበት በዚያች ማለዳ አንድ ሰው ማሳመን አልቻለም።

ገላኔ የአጥሩን ጠርዝ ዞራ በእግሯ መጣች። ጉንጯ ሞልቷል፤ መንገዱም ትንፋሿን አልቆረጠውም። መጀመሪያ እናቷ አይተው ጩኸታቸው መሀል ላይ ቆመ። አባቷ ግንባራቸው አፈር እንደሆነ ቀና አሉ። እሷ አጠገባቸው ተንበርክካ አፈሩን በነጠላዋ ጠረገችላቸውና «አባ፣ አለሁ» አለቻቸው። ያኔ ለለቅሶ የመጣው ሴት ሁሉ እልልታውን አቀለጠው። ቀድሞ የወረደውን እንባ ግን የጠረገ አልነበረም፤ ለደስታውም እሱው ሆነ።

ሁሉም ሰከን ሲል አቶ ላቀው ከመሀል ቆሙ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ምንም ሳይደብቁ ተናገሩ፤ የማሞን ፊት ማንበባቸውን፣ ሳይታይ መፍረዳቸውን፣ ልጅቷ ለብቻዋ መፍራቷን። 

«ፈርተን ቤት አስቀምጠናት ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ የመጣሁት እናንተ ለገመታችሁት ነገር ነበር» አሉ። «ማሽኑ አላዳናትም፤ ያዳናት መድኃኒቱ ነው። ግን የቱ መድኃኒት እንደሆነ ያወቅነው ስላየን ነው። ሆዷ ሳይቀደድ የታመመው ቦታ ተገኘ፤ ያልታመመው ሳይነካ ቀረ፤ የማይሆናት ክኒንና ፌጦም ቀረላት። ሆዱን ዓመት ሙሉ የሚያመው ሰው በመካከላችሁ ካለ አሜባ ነው እያለ አይቀመጥ፤ ይመርመር። ሐኪም ይታይ ካለም ይታይ። የታየውም መጀመሪያ ለባለቤቱ ይነገር፤ ሕመሙ የእሱ ነው።»

ሰው ሁሉ እውነት ነው እያለ ራሱን ነቀነቀ። ከወደ ኋላ የቆሙ አንድ ገበሬ ማሽኑ ያለበትን ቦታ ማሞን በጆሮው ጠየቁት። አቶ ቀጄላ የልጃቸውን እጅ ሳይለቁ፣ ልብሳቸው አፈር እንደሆነ ብድግ አሉ። አቶ ላቀውን አቅፈው ሳሟቸው፤ አመሰገኗቸው፤ መረቋቸውም። ከዚያ ትክ ብለው አዩዋቸውና፣

«አቶ ላቀው፣ ያሉት ሁሉ ገብቶኛል፤ እቀበላለሁም» አሏቸው። «ሁለተኛ እኔ ቤት ሲመጡ ግን ከሰዓት በኋላ ይምጡ።»